አምስተኛ መንጃ ፈቃድ ይዞ አንደኛ ክፍል

አሜሪካ ውስጥ ከባድ መኪና ይዞ ከአንዱ ስቴት ወደ ሌላው ለመሻገር ቢያንስ 21 ዓመት መሙላት ግድ ነው። ከላይ ግን ጣሪያ የለውም። ልጁን «ገና ነህ፣ ተመለስ» ማለት የሚያውቅ መንግሥት፣ ሽማግሌውን «አባቴ፣ ይበቃዎታል፣ ቤትዎ ይረፉ» የሚል አንድ መስመር ሕግ መጻፍ እንዴት ያቅተዋል? ሐኪሙ ካሳለፈህ በ70 ዓመትህም ንዳ ነው። እኔን ለዚህ መከራ የዳረገኝ ይኼ የሕግ ክፍተት ነው እንጂ፣ ባለቤቴ ለጎረቤት እንደምታወራው አርፎ መቀመጥ የማያውቅ አመሌ አይደለም።

በወጣትነቴ የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበርኩ። ኤንትሬ ፊያት ከነተሳቢዋ ይዤ፣ ከወደቡ ጭኜ፣ የአፋርን በረሃ በሌሊት አቋርጬ፣ ሚሌንና ባቲን አልፌ፣ ኮምቦልቻ ላይ ትንፋሼን ሰብስቤ፣ ጣርማ በርን በኑስ ማርሽ ወጥቼ አዲስ አበባ እገባ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ተነስቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ እንደ ጓደኞቼ ሁሉ መሪዬን ወደ ጅቡቲ አዞርኩ። ተሳቢ ለመጎተት የሚያስችለው አምስተኛ መንጃ ፈቃድ አለኝ። ያን ወረቀት ለማግኘት የበላሁትን አቧራ እኔ ነኝ የማውቀው። አሜሪካ መጥተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ ግን ከፎቶግራፍ ያለፈ ዋጋ አጣ።

እንደ ብዙው ሐበሻ እኔም ዲሲ ከሕንጻ ሥር ፓርኪንግ ገባሁ። ሥራው የሰው መኪና ከምድር በታች ወስዶ ግድግዳ ሥር መለጠፍ ነው። ፀሐይ የለ፣ አድማስ የለ፣ ሄጄ መጣሁ የሚባል ነገር የለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ይዘን ስንቆም የወጣቶቹ ወሬ ሁሉ ትራክ ሆነ። አንዱ ፀጉር አስተካካይ የነበረ፣ አንዱ ባንክ ቤት ይሠራ የነበረ፣ አንዱ ደግሞ እናቱ ቤት ብስክሌት እንኳ ያልነዳ፤ ሁሉም ትራክ ሊነዱ ነው። «ጋሼ፣ እርስዎማ የአሰብ ሹፌር! ዓይንዎን ጨፍነው ነው የሚያልፉት» አሉኝ። ሰው ሲያሞግሰኝ ልቤ ቶሎ ይቀልጣል። ገባሁበት።

በእኛ ጊዜ ሹፌርነት ትምህርት ቤት አልነበረውም፤ ረዳትነት ነበረው። ረዳት ማለት ጭነቱ ላይ የሚተኛ፣ ሸራ የሚወጥር፣ መኪናዋ ዳገት ላይ ስትቆም ታኮ ይዞ ከጎማው ሥር የሚሮጥ፣ ጎማ የሚፈታ፣ ሻይ የሚያፈላ፣ ሹፌሩ ከባለንብረቱ ጋር ሲጣላ በምትኩ የሚሰደብ ፍጡር ነው። መሪ ለመንካት ዓመታት ይጠብቃል። መጀመሪያ የሚፈቀድለት መኪናዋን ማጠብ ነው። ሲቆይ ጠዋት ሞተር ማሞቅ። በጣም ሲቆይ ግቢ ውስጥ ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ። አንድ ቀን በረሃ ላይ ሹፌሩ እንቅልፍ ሲጥለው «ና እስቲ ያዛት» ይላል፤ የምረቃ ሥነ ሥርዓቱ ይኼው ነው። ንግግር የለም፣ ሰርተፊኬት የለም። ሹፌሩ ግን አንድ ዓይኑን ከፍቶ ነው የሚተኛው።

አሜሪካኖቹ ይኼን ሁሉ አሳጥረውታል። ከፌብሩዋሪ 7 ቀን 2022 ወዲህ አዲስ ሹፌር በፌደራል መንግሥቱ መዝገብ ላይ በተመዘገበ ማሠልጠኛ ማለፍ አለበት የሚል ደንብ አላቸው። ደንቡ መማር ያለብህን ነገር በዝርዝር ያስቀምጣል፤ የቲዎሪውን ፈተና ከ100 ቢያንስ 80 አምጣ ይላል። ስንት ሰዓት መንዳት እንዳለብህ ግን አንድም ቁጥር የለበትም። አስተማሪው «በቅቷል» ካለ በቅተሃል። የልምምዱን ፈቃድ በያዝክ በ14 ቀን ለመንዳት ፈተናው መቅረብ ትችላለህ። 14 ቀን! እኛ ዘንድ በ14 ቀን ረዳቱ የሸራ ገመድ አተሳሰር አይለይም። ጎሚስታ ጎማ ሲጠግን ያየ እንደሆነ ነው።

ደግሞ የሚነዳውም መኪና ማርሽ የለውም። ራሱ ይቀይራል። እኔ ፍሪሲዮን ሁለቴ እየረገጥኩ፣ ሞተሩን በጆሮዬ እየሰማሁ ማርሽ ስለውጥ የኖርኩ ሰው፣ ግራ እግሬ ሥራ ፈትቶ ጥግ ላይ ሲቀመጥ አዘንኩለት። ይህም ሳያንስ በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው መንጃ ፈቃዱ ላይ «ኢ» የምትባል ፊደል ይጽፉበታል፤ ትርጉሟ ይኼ ሰው ማርሽ ያለው ከባድ መኪና መንዳት አይፈቀድለትም ማለት ነው። ከነፊደሏ ሰጡኝ። ዛሬ ኪሴ ውስጥ ሁለት መንጃ ፈቃድ አለ። አንደኛው ጣርማ በርን በማርሽ ወጥቻለሁ ይላል፣ ሁለተኛው ማርሽ አያውቅም ይላል።

ፈተናው የሚጀምረው በመንዳት አይደለም፤ በማውራት ነው። መኪናውን እየዞርክ እያንዳንዱን ዕቃ በጣትህ እየጠቆምክ «አልተሰነጠቀም፣ አልታጠፈም፣ አልተሰበረም» ትላለህ። ባሌስትራውን፦ አልተሰነጠቀም፣ አልታጠፈም፣ አልተሰበረም። ቺንጊያውን፣ የመሪውን ዘንግ፣ የፍሬኑን ቱቦ፣ የጎማውን ብሎን፣ ሁሉንም እንዲሁ። ተማሪው ሁሉ ግቢው ውስጥ መኪናውን እየዞረ ሲያነበንብ ልክ እንደ ምሕላ ነው፤ የቀረው ከበሮ ብቻ ነው። የፊት ጎማ ጥርስ ከኢንች 32ኛ ክፍል 4ቱ ያህል ጥልቀት ሊኖረው ይገባል፣ የሌላው 2 ይበቃዋል። ሞተር አጥፍተህ ፍሬን ረግጠህ አንድ ደቂቃ ትይዛለህ፤ ተሳቢው ከተቀጠለ የአየር ግፊቱ በደቂቃ ከ4 ፒ.ኤስ.አይ. በላይ መውረድ የለበትም። ይኼን ሁሉ በእንግሊዝኛ፣ በቃል።

እኛ ፍሬን እንዴት ነበር የምንፈትነው? ጣርማ በርን ወርዶ ደብረ ሲና የደረሰ ሰው ፍሬኑ ደህና ነው። ያልደረሰው ደህና አልነበረም። ፈተናው ይኼ ነበር።

መንጃ ፈቃዱን ከያዝኩ በኋላ የቀጠረኝ ኩባንያ ለኦሪየንቴሽን ጠራኝ። ስሙን አልጠራም፤ እንጀራዬ ነው። የአውቶቡስ ቲኬት ላኩልኝ። ሌሊቱን ሙሉ ጉልበቴን አገጬ ሥር አድርጌ ተጓዝኩና ከአውራ ጎዳና ዳር ያለ ሆቴል ውስጥ ከማላውቀው ሰው ጋር አንድ ክፍል አስገቡኝ። ሰውየው ሲያንኮራፋ መጋረጃው ይርገበገባል። ጠዋት ሐኪም ዘንድ ወሰዱን።

ስለ አደንዛዥ ዕፅ ምርመራው ሽንት ልናገር። መናገር አልፈልግም፣ ግን ሰው ይወቀው። አንዲት ቁርጥራጭ ሳሙና እንኳ የሌለባት ክፍል ያስገቡሃል። ቢያንስ 45 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋቸዋል። ሽንቱን በተቀበሉ በ4 ደቂቃ ውስጥ ሙቀቱን ይለኩታል፤ ከ32 እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መሆን አለበት። ከውጪ የሰው ሽንት ይዞ የሚገባ ሌባ ስላለ ነው አሉኝ። ወይ ጉድ! ሽንት የሚሰረቅበት አገር ገባሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሲቀሰቅሰኝ ያደረው ሽንቴ መንግሥት ፊት ሲቀርብ ተሽኮረመመ። ለዚህም ደንብ አላቸው፦ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ትጠብቃለህ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ እስከ 40 አውንስ፣ ማለትም ከአንድ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ውሃ ያጠጡሃል። ስድሳን የተሻገረ ሰው፣ የልጅ ልጆች አያት፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ ውሃ በብርጭቆ እየለካሁ ስጠጣ ወጣቶቹ በየተራ እየወጡ «አይዞዎት ጋሼ» ይሉኝ ነበር። ከእነሱ መካከል ሁለት ሐበሾች ነበሩ፤ አገር ቤት የሚያውቀኝ ሰው እንዳይኖር ጸለይኩ።

የጆሮው ምርመራ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሕጉ ሹፌር በ5 ጫማ ርቀት ሹክሹክታ መስማት አለበት ይላል። ሐኪሟ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቅ ብላ አንሾካሾከችና ያለችውን እንድደግምላት ጠየቀችኝ። ሰማኋት፤ ምን እንዳለች ነው ያልገባኝ። እንግሊዝኛ ሲጮሁብኝ እንኳ ግማሹ ነው የሚደርሰኝ፣ ሲያንሾካሹኩብኝማ! ቁጥሮች እንድታንሾካሹክ ለመንኳት። ቁጥር ደመወዝ ስለሚቆጠርበት ጠንቅቄ አውቃለሁ። ቀጥላ ሜትር አውጥታ አንገቴን ለካች። ሸሚዝ ሊያለብሱን ነው ብዬ ደስ አለኝ። ለካ አንገቱ የወፈረ ሰው በእንቅልፉ ትንፋሽ ያጥረዋል ተብሎ ይጠረጠራል፤ ከተጠረጠረ ማታ ማታ አፍንጫው ላይ መሣሪያ ገጥሞ መተኛት ሊታዘዝበት ይችላል። የባለቤቴ ዶሮ ወጥ አንገቴ ላይ ስንት ኢንች እንደጨመረ ያን ቀን ተነገረኝ። ደም ግፊቴን ከ140 በ90 በታች አግኝተው አሳለፉኝ። የሽንቱ ነገር ከመጣ በኋላ የሚያስቆጣኝ ስላልነበረ ይመስለኛል።

ከዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ፊልም ማየት መጣ። አንዱ ፊልም ሰው ከመኪና እንዴት እንደሚወርድ ያሳያል። ቀልድ አይደለም። ሁለት እጅና አንድ እግር፣ ወይም ሁለት እግርና አንድ እጅ፣ ሁልጊዜ ሦስቱ መኪናውን መንካት አለባቸው፤ ፊትህን ወደ መኪናው አዙር፤ አትዝለል። ፊልሙ ሲያልቅ ጥያቄ ነበረው። ኤንትሬ ላይ ሳለሁ ሞተሯ እየተንደቀደቀ በአየር ላይ ዘልዬ ነበር የምወርደው፣ በአንድ እጄ ሻይ ይዤ። ይኼን ለአስተማሪው ብነግረው ስንት ዓመትህ ነበር አለኝ። ነገርኩት። አሁንስ አለኝ። ፊልሙን ድገመው አልኩት።

ፊርማው ብዙ ነው። አንዱ ወረቀት ለሥልጠናው የወጣውን ገንዘብ ኩባንያው እንደሚሸፍን፣ እኔ ደግሞ ከተስማማነው ጊዜ ቀድሜ ከለቀቅኩ ቀሪውን ከኪሴ እንደምመልስ የሚናገር ውል ነው። ወጣቶቹ ስልካቸውን እየነካኩ በግራ እጃቸው ፈረሙት። እኔ እንግሊዝኛዬ ኤሊ ስለሆነ ሳልወድ በግድ ቃል በቃል አነበብኩት። የሰው ኃይል ክፍሏ ሴትዮ እንደ እኔ ውሉን ያነበበ አላጋጠማትም መሰለኝ፣ ያመመኝ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ። ውሃ! ከጠዋቱ በኋላ።

ኩባንያው የመደበልኝ አሠልጣኝ የመጨረሻ ልጄ እኩያ ነው። ስንት ጊዜ ነዳህ ብዬ ብጠይቀው ዓመት አልሞላውም። እኔ ሚሌ ላይ ባሌስትራ በሽቦ አስሬ አዲስ አበባ ስገባ የእሱ እናትና አባት አልተዋወቁም። «ሄይ፣ ባዲ!» ይለኛል። የመኪናው ጀርባ ሁለት አልጋ አለው፤ የታችኛው የአሠልጣኙ ነው፣ የላይኛው የሠልጣኙ። በዚህ ዕድሜዬ ቆጥ ላይ ወጣሁ። ሌሊት ለመውረድ ሁለት እጅና አንድ እግር የሚለውን ትምህርት ያስታወስኩት ያኔ ነው፤ ፊልሙ ግን ጨለማ ውስጥ የሰው ሆድ ላይ ስለመርገጥ ምንም አላሳየም።

ምግብማ ተዉት። ጾም ነበር። የትራክ ማቆሚያው ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ብረት ላይ ሲንከባለል የሚውል ቋሊማ፣ አይብ የተዘረጋበት ዳቦ፣ እንቁላል፤ የሚጾም ሰው የሚቀምሰው ለውዝና ሙዝ ብቻ ነው። ባለቤቴ ሽሮና በርበሬ ቋጥራልኝ ስለነበር ከመኪናው ኤሌክትሪክ የምትሰካ ትንሽ ማብሰያ ገዛሁ። ሽሮዬ ገና ስትንተከተክ አሠልጣኙ ከእንቅልፉ ባንኖ ተነሳ። የኤሌክትሪክ ሽቦ የተቃጠለ መስሎት ቁልፍ አጥፍቶ ወርዶ ሞተር ከፈተ። ሽሮ መሆኑን ሳስረዳው ማሽተት እንኳ ፈራ። በሦስተኛው ሳምንት ግን «ባዲ፣ ያቺ ቡናማዋ ነገር የለችም?» ሲለኝ ነበር። እንደ መንዳቱ ሳይሆን በመብላት ፈጣን ተማሪ ነው። ሐበሻ ምግብ ቤት እንሂድ አይባልም፤ 53 ጫማ ተጎታች ማቆሚያ ያለው የእኛ ምግብ ቤት እስካሁን አላየሁም። ነጋዴዎቻችን ይኼን ያስቡበት።

ወደ ኋላ ማስገባት ላይ ከአሠልጣኜ ጋር ተጣላን። የእኛ አገር ተሳቢ ራሱን የቻለ የፊት ጎማና መጎተቻ ብረት ስላለው ሁለት ቦታ ነው የሚታጠፈው፤ ወደ ኋላ ሲገፉት አንዱ ግራ ሲል ሌላው ቀኝ ይላል። የአሜሪካው ተጎታች አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚታጠፈው። ለእኔ ይኼ የልጅ ጨዋታ ነው ብዬ ነበር። ነውም። የጎደለኝ ረዳት ነው። እኛ ዘንድ ረዳቱ ከኋላ ቆሞ «ና፣ ና፣ ና! ግራ ስበር! መልሰው! ና፣ በቃ!» ይላል፤ ሹፌሩ በድምፅ ነው የሚያስገባው። እዚህ ደንቡ «ውረድና እይ» ነው። ትወርዳለህ፣ ታያለህ፣ ትወጣለህ፣ ትንሽ ትገፋለህ፣ እንደገና ትወርዳለህ። ራሴ ሹፌር፣ ራሴ ረዳት፣ ራሴን የምሰድበውም ራሴው። የጭነት መቀበያው ሰዎች ቡና ይዘው ቆመው ያያሉ። አንዳቸውም «ና» አይሉም።

ጭነቱን ስናመዝን ግን ዝም ብዬ ተማርኩ። ሙሉ መኪናው ከነጭነቱ ከ80,000 ፓውንድ፣ በእኛ 36 ቶን ገደማ፣ እንዲበልጥ አይፈቀድም፤ የተጎታቹ ጥንድ አክስል ደግሞ ከ34,000 ፓውንድ። ኋላው ከከበደ ጭነቱን አትነካም፤ ከሥር መቀርቀሪያ ስበህ ጎማዎቹን ራሳቸውን ከተጎታቹ በታች ወደ ኋላ ታንሸራትታቸዋለህ። እኛ ወዝ አደር ጠርተን ግማሽ ቀን ጆንያ ስናሸክም ነበር። ይኼን ያሰበ ሰው ማን እንደሆነ ባላውቅም ወገቡን ይባርከው።

አሁን ወደ ዓይኑ ልምጣ። መስተዋቱ ላይ የተለጠፈች ካሜራ አለች፤ አንድ ዓይኗ መንገዱን ያያል፣ ሌላው እኔን። ብታዛጋ ታያለች፣ ብትታጠፍ ታያለች፣ መስመር ብትረግጥ ትጮኻለች። ሹፌር ሆኜ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ የሚያየኝ እግዚአብሔርና ትራፊክ ፖሊስ ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም ይቅር ባይ ናቸው። አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ «በስመ አብ» ብዬ አማትቤ ስነሳ ከቢሮ ተደወለ። እየነዳህ ስልክ ይዘሃል፣ ሕግ ጥሰሃል። ከግንባሬ ወደ ደረቴ የሄደውን እጄን ካሜራዋ ስልክ ነው ብላ ከሰሰችኝ። ስልክ አልያዝኩም፣ ጸሎት ነው አልኩ። ከማን ጋር ነበር የምታወራው አሉኝ። ነገርኳቸው። ዝም ካሉ በኋላ፣ ከመንቀሳቀስህ በፊት ጨርስ አሉኝ። አሁን ቆሜ ነው የማማትበው፣ ፍሬኑን ጎትቼ።

ሰዓቱ ደግሞ አለ። ከዲሴምበር 18 ቀን 2017 ጀምሮ መኪናው ውስጥ በተገጠመ መሣሪያ ነው የሚቆጠረው። 10 ሰዓት ካረፍክ በኋላ 11 ሰዓት መንዳት ትችላለህ፤ ግን ሥራ ከጀመርክበት ደቂቃ አንስቶ 14 ሰዓት ካለፈ የቀረህ ቢኖርም መንዳት የለም። 8 ሰዓት ከነዳህ 30 ደቂቃ መቆም። በ8 ቀን ውስጥ 70 ሰዓት ከሞላህ ተኛ። ጥሩ። ነገር ግን መጋዘን ደርሰህ ሲያራግፉልህ 6 ሰዓት ቢያስቀምጡህ ያም ከ14ቱ ውስጥ እየተቆጠረ ነው። ክፍያህ በማይል ከሆነ ደግሞ ለቆምክበት የሚደርስህ ከነዳኸው ጋር አይወዳደርም። ከዚያ ሰዓትህ ሲያልቅ የመጋዘኑ ጥበቃ መጥቶ «እዚህ ማደር ክልክል ነው፣ ውጣ» ይልሃል። መሣሪያው አትንቀሳቀስ ይላል፣ ጥበቃው አትቁም ይላል። የአሰብ ወደብ ወረፋ እንኳ እንዲህ አላደረገንም፤ እዚያ ቢያንስ ካርታ እየተጫወትን ነበር የምንጠብቀው።

ሆኖም አንድ ነገር ልናገር፣ ለባለቤቴ እንዳትነግሩብኝ። የሰዓቱ ሕግ ትክክል ነው። በረሃው ቀን ስለሚያቃጥል ሌሊት ነበር የምንነዳው፤ ሰዓታችንን የሚቆጥር አልነበረም፣ ባለንብረቱ የሚቆጥረው ምልልስ ነው። እንቅልፍን የምንከለክለው በጫት ነበር። (እዚህ አገር ጫት ይዞ መገኘት ራሱ ወንጀል ነው፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን ከሄሮይን ጋር አንድ መደብ ውስጥ ነው የተመዘገበው። ወጣቶች፣ ቀልድ እንዳይመስላችሁ።) ከሎጊያ እስከ ሚሌ ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ተገልብጦ ያየሁት መኪና ሁሉ ፍሬን በጥሶ አልነበረም። ብዙዎቹ ተኝተው ነው። ጓደኞቼ ናቸው። ያኔ አንድ ግትር መሣሪያ «ቁም» ቢላቸው ኖሮ ብዬ አስባለሁ። ይኼን ብዬ ግን ወደ ማጉረምረሜ ልመለስ።

ቴኔሲ ውስጥ ሞንትኢግል የሚባል ቁልቁለት አለ፤ መንገዱ ዳር ፍሬን እምቢ ላለው መኪና ጠጠር የተከመረበት ማምለጫ ሠርተውለታል። ጣርማ በር ላይ ማምለጫው ገደሉ ነበር። አሠልጣኜ ጫፉ ላይ ስንደርስ ፀጥ አለ፤ መኪናው ሞልቶ ተጭኗል፣ እሱም ብዙ ጊዜ አልወረደውም። መማሪያው መጽሐፍ እንዲህ ይላል፦ ቁልቁለቱን ከመጀመርህ በፊት ፍጥነትህን ቀንስ፣ ማርሹን ዝቅ አድርግ፣ ሞተሩ ይያዘው። ጥሩ ፍጥነትህ 40 ማይል ከሆነ፣ 40 ሲደርስ ፍሬኑን በደንብ ረግጠህ ወደ 35 አውርደው፣ ልቀቀው፣ እንደገና 40 ሲደርስ እንደዚያው። እየነካካህ አታግለው። ይኼን ሳነብ የሳቅሁት ብቻዬን ነው። የረዳትነቴ ሹፌር፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰውዬ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ቃል በቃል ይኼንኑ ነበር እየጮኸ የነገረኝ፤ ልዩነቱ እሱ ስድብ ይጨምርበት ነበር። አውቶማቲኩን ከራሱ ፍላጎት ነጥቄ ዝቅ አደረግኩትና የሞተር ፍሬኑን ከፍቼ ወረድኩ። ሥር ስንደርስ አሠልጣኜ «ባዲ፣ የት ተማርክ?» አለኝ። ካርታ ላይ ባሳየው አያውቀውም፤ ዝም አልኩት።

የቋንቋው ነገር የመጨረሻው ነው። ሹፌር ከሰው ጋር ለመነጋገር፣ የመንገድ ምልክት ለማንበብ፣ ለመርማሪ ለመመለስ የሚበቃ እንግሊዝኛ ማወቅ አለበት የሚለው ደንብ የቆየ ነው፤ ከጁን 25 ቀን 2025 ወዲህ ግን መንገድ ላይ ተፈትኖ የወደቀውን ሹፌር እዚያው ከሥራ ያግዱታል። መኪናው እዚያው ይቆማል፣ እሱም። ለዚህ ሲባል የልጅ ልጄ አስተማሪዬ ሆናለች። ሦስተኛ ክፍል ናት። በስልኳ የመንገድ ምልክት እያሳየች ታስነብበኛለች፤ ስሳሳት «አባባ!» ብላ ትስቅብኛለች፣ ስመልስ ኮከብ ትለጥፍልኛለች። ወረቀቱን መኪናው ውስጥ ይዤዋለሁ። መርማሪው ካስቆመኝ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር አሳየዋለሁ።

እንግዲህ «ጋሼ፣ ትራክ ልግባ?» እያላችሁ የምትደውሉልኝ ልጆች፣ ስሙኝ። ግቡ፤ እንጀራ ነው። የሥልጠናውን ውል ግን አንብቡ፣ ብትለቁ ስንት እንደምትመልሱ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። የአሠልጣኛችሁንም የመንዳት ዘመን ሳታፍሩ ጠይቁት፣ እሱ ሲያፍር ታያላችሁ። ከቻላችሁ ማርሽ ባለው መኪና ተፈተኑ፣ ያቺ ፊደል አትከተላችሁም። ሽሮ ያዙ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በአሥሩ ሰዓት ዕረፍቴ ውስጥ አትደውሉልኝ።